ኪጋሊ ስገባ ፌስታሌን ተቀበሉኝ

ኪጋሊ የደረስኩት አርብ ማታ ነው። የካኖምቤ አውሮፕላን ማረፊያ ትልቅ አይደለም፤ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም እስኪመታ ብዙም አልቆምኩም። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች የ30 ቀን ቪዛ ስትገባ ያለ ክፍያ ትሰጣለች። እኔን ያስቆመኝ ሻንጣዬ ነው።

ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ ነበር። ፈታሿ ልጅ አየችው። አልተቆጣችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም። ጫማውን አውጥታ ሶሉን ወደ ታች አድርጋ ጥግ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችልኝ። ፌስታሉን ግን ወሰደችው። "ይሄ አይገባም" አለችኝ፣ በቃ። ሩዋንዳ ፌስታል የከለከለችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ነው። ይህን አንብቤ አውቀው ነበር። ከእጅ ላይ ሲወሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ አገር የተናገረውን እንደሚፈጽም ገና በሩ ላይ አየሁ፤ ደስ አለኝ።

ታክሲው ኪሚሁሩራ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። የሺህ ኮረብቶች አገር የሚሏት እውነታቸውን ነው፤ ከተማዋ ራሷ ኮረብታ ላይ ነው የተዘረጋችው። የኮንቬንሽን ሴንተሩ ክብ ጣራ ከሩቅ በቀለም እያበራ ይታያል። ቀይ መብራት ላይ ቆምን። መብራቱ የቀረውን ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ከጎናችን ሞቶዎች ተደርድረዋል፤ የሞተር ታክሲ መሆናቸው ነው። ሹፌሩም ተሳፋሪውም ሄልሜት አድርገዋል፤ ተሳፋሪ የሌለው ደግሞ ትርፉን ሄልሜት ይዞ ይጠብቃል። ከፊታችን አንድም መኪና አልነበረም። ቢሆንም ማንም አልተንቀሳቀሰም፣ ክላክስ የነካም የለም። ያ ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ "ነገ ኡሙጋንዳ ነው፤ እስከ ሳ ታኑ መኪና አታገኝም" አሉኝ። ሳ ታኑ አምስት ሰዓት ማለት ነው። በስልኬ አቆጣጠር ግን ያው ሰዓት ጠዋት 11 ነው። ለካ ኪንያርዋንዳም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ አማርኛ ከንጋት ጀምሮ ነው! ይህን ስሰማ እንግድነቴ ግማሹ ለቀቀኝ።

ኡሙጋንዳ ደቦ ነው ብል የሚቀርብ ይመስለኛል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ጠዋት ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሰፈሩን ይሠራል። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። የውጭ ሰው አይገደድም። "ልምጣ?" ብዬ ስጠይቃቸው ግን ባለቤትየው ወዲያው አካፋ አመጡልኝ።

ሥራችን የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ መጥረግ ነበር። ኮረብታ ላይ ቦይ ከተደፈነ ጎርፉ የታችኛውን ጎረቤት ቤት ይዞ ይወርዳል፤ ስለዚህ ነገሩ የጽዳት ብቻ አይደለም። አጠገቤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ወገባቸውን በነጠላ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ያሰሩ እናት ነበሩ። እኔ በጉጉት እየተጣደፍኩ አፈሩን ስዝቅ አዩኝና "ቡሆሮ ቡሆሮ" አሉኝ። ቀስ በል ማለታቸው ነው። እሳቸው ሲዝቁ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ግን አያቋርጡም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እኔ አካፋዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር፣ እሳቸው ከፊቴ ርቀው ሄደዋል። ሥራው ሲያልቅ ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ሰፈሩ ተነጋገረ። ቋንቋውን ባልሰማም እስከ መጨረሻው አልተነሳሁም። ስንለያይ "ሙራኮዜ" አልኳቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ከሰዓት በኋላ ጊሶዚ ወዳለው የዘር ጭፍጨፋው መታሰቢያ ሄድኩ። እዚያ ከ250,000 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994፣ በ100 ቀን ውስጥ የተገደሉ ናቸው። ሰፊ የኮንክሪት መቃብሮች፣ በላያቸው አበባ። ውስጥ የሕፃናት ክፍል አለ። የእያንዳንዱ ልጅ ፎቶ ሥር ምን ምግብ ይወድ እንደነበር፣ ምን መጫወት ይወድ እንደነበር ተጽፏል። ሁሉንም ማንበብ አልቻልኩም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ።

ከጊሶዚ ሆነህ ስታይ ሸለቆውን ተሻግሮ መሃል ከተማው ፊት ለፊት ይታያል። ትናንት ማታ በመኪና ሳልፍ ያየሁት ጽዳትና ሥርዓት ብቻ ነበር። አሁን ጠዋት አብሬያቸው ቦይ የጠረግኩት ሰዎች በሐሳቤ መጡ። በዚያ ጊዜ ልጅ የነበሩ፣ ወጣት የነበሩ፣ እናት የነበሩ። እኚያ ሽበታም እናት በዚያ ዓመት የት ነበሩ? ማንን አጥተው ይሆን? አልጠየቅኳቸውም። ለአንድ ጠዋት እንግዳ ይህ የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

ወደ ማረፊያዬ በሞቶ ስመለስ ዝናብ ጀመረ። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመና ታዛ ሥር ተጠለልን። ዝናቡ ሲያባራ በዚያው በጠዋቱ ሰፈር በኩል አለፍን። ቦዩ ውሃውን ይዞ ቁልቁል ይወርድ ነበር፣ ሳይሞላ፣ ሳይገነፍል።