የአኮ በርጩማ በ142 ፎቶ

አኮ በኛ ቤት አያት ማለት ናት። ጅማ ያደገ ሰው ይሄን ማብራሪያ አይፈልግም፤ ለሌላው ነው የምነግረው። አኮ አንድ በርጩማ ነበራት። ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ። የሠራው አያቴ ነው። ጠርዙ ላይ ካለችው አንዲት የቆርቆሮ ልጥፍ በቀር ሚስማር የሚባል ነገር አልነካውም። ልጥፏ የተመታችው አባቴ በልጅነቱ በርጩማውን ከደረጃ ላይ ጥሎ ስለሰነጠቀው ነው። ይሄ ታሪክ በዓመት ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ በሁለቱ በዓላት፣ አባቴ ባለበት።

ባለፈው ክረምት ቤተሰቡ ተሰብስቦ በርጩማው አዲስ አበባ ላለችው ትልቋ አክስቴ እንዲሄድ ተወሰነ። የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ አልከራከርም። (ተከራክሬ ነበር። ተሸነፍኩ።) ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ነገር ላድርግ አልኩ፤ ቅርጹን ልቅዳ።

እኔ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። የጉርድ ፎቶ፣ የሠርግ አልበም፣ ላሚኔሽን። ፎቶ ላይ ባዳ አይደለሁም። ከፎቶ ተነስቶ የአንድን ዕቃ ሙሉ ቅርጽ ኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ግን ሌላ ሙያ ነው። ፎቶግራሜትሪ ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሞክሩ። ያስቸግራል። ሁለቱ ዓይኖች ክሩን ከትንሽ የተለያየ ቦታ ስለሚያዩት ነው ርቀቱ የሚታወቀን። ፕሮግራሙም ይሄንኑ ያደርጋል፤ በሁለት ዓይን ፋንታ በመቶ ፎቶ። እንጨቱ ላይ ያለችን አንዲት ጉጥ በአሥር ፎቶ ውስጥ ያገኛታል፣ ከዚያ ካሜራው የት የት እንደቆመ አስልቶ የጉጧን ቦታ ያወጣል። እንዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ይሰበስብና በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ያያይዛቸዋል። በመጨረሻ ፎቶውን እንደ ልብስ ያለብሰዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1858 ማይደንባወር የሚባል ጀርመናዊ አርክቴክት በቬትስላር ከተማ የሚገኝ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ከፍታ ላይ ሆኖ ሲለካ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈ። ለምን ፎቶ አንስቼ ፎቶው ላይ አልለካም ያለው ያኔ ነው። እኔ የምወድቅበት ከፍታ የለኝም፤ በርጩማው አንድ ስንዝር ተኩል ነው።

ወደቅሁ ግን። የመጀመሪያውን ቀን በርጩማውን ሰፌድ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ አንድ ቦታ ቆሜ፣ ሰፌዱን እያዞርኩ 40 ፎቶ አነሳሁ። ብልጥ መሆኔ ነበር። ከኋላው ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ፕሮግራሙ በሁሉም ፎቶ ላይ የቀን መቁጠሪያውን እዚያው ቦታ አገኘውና ካሜራው ንቅንቅ አላለም ብሎ ደመደመ። እውነቱን ነው። የወጣልኝ ቁርጥራጭ ነገር የተሰባበረ ገል ይመስል ነበር። ዕቃው ሳይሆን ሰውየው ነው መዞር ያለበት።

ሁለተኛው ችግር ወዙ ነው። የበርጩማው መቀመጫ ስንት ዓመት ሙሉ ተቀምጠውበት እንደ መስታወት ያበራል። የሚያበራ ነገር ደግሞ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። ነጸብራቁ እናንተ ስትራመዱ አብሯችሁ ይራመዳል፤ ፕሮግራሙ እንጨቱ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ሙያተኞቹ ዕቃውን ስስ ዱቄት ነገር ይነሰንሱበታል። እኔም የሕፃን ፓውደር ይዤ መጣሁ። አኮ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ትንሽ ፓውደር ልቀባው ነው አኮ፣ እንዳያብረቀርቅ።»

«ይሄን ወዝ ለማምጣት ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬበታለሁ። አንቺ ፓውደር ትቀቢዋለሽ?»

ፓውደሩን መለስኩ። የቀረኝ ደመና ነው። ደመና ሲሆን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚመጣ ወዙም ጥላውም ይለዝባል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጅማ ውስጥ ደመና አይለመንም። ችግሩ በሁለት ዝናብ መሐል ያለችውን ሰዓት ማግኘት ነው። አንድ ጠዋት አገኘኋት። በርጩማውን ግቢው መሐል አድርጌ ሦስት ጊዜ ዞርኩት። አንዴ ተንበርክኬ፣ አንዴ ጎንበስ ብዬ፣ አንዴ ከላይ ወደ ታች። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ እየተጠነቀቅሁ፣ ፍላሽ ሳልጠቀም፣ ዙም ሳላደርግ። ከዚያ ገልብጬ ሆዱን። በድምሩ 142 ፎቶ። ሲገለበጥ መሬቱ አብሮ ስለማይገለበጥ፣ ከእነዚያ ፎቶዎች ላይ መሬቱን አንድ በአንድ በእጄ መሰረዝ ነበረብኝ። ስለዚህ ማውራት አልፈልግም።

ሜሽሩም የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ግን ኤንቪዲያ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ካልሆነ ዋናውን ሥራ አይሠራም። ጌም ቤት ያለው ጓደኛዬ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ማሽኑን ለቀቀልኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ደግነቱ ፕሮግራሙ የጨረሰውን ደረጃ እያስቀመጠ ነው የሚሄደው፤ ጠዋት ከቆመበት ቀጠለ።

ወጣ። ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። የመሮው አሻራ ሳይቀር ሆዱ ላይ ይታያል። ቀለሙን አጥፍቼ ቅርጹን ብቻ በግራጫ ሳየው ደግሞ በዓይኔ አይቼው የማላውቀው ነገር መጣ። መቀመጫው መሐሉ ላይ አይደለም የጎደጎደው፤ ወደ ግራ ነው። አኮ ሁልጊዜ ወደ ረከቦቷ ዘንበል ብላ ነው የምትቀመጠው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቀዳዳ አለ። ቆርቆሮዋ ያለችበት። ደመናውም ቢሆን አላዳናትም፤ ብረት ብረት ነው። ቀዳዳውን ብሌንደር በሚባለው የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም መድፈን ይቻል ነበር። ካሜራው ያላየውን እኔ ፈጥሬ ልለጥፍበት አልፈለግሁም፣ ተውኩት።

መጠኑን ራሴ መንገር ነበረብኝ። ፎቶ ብቻውን በርጩማ ይሁን ፎቅ አይለይም። በሁለቱ እግሮች መሐል ያለውን በሜትር ለካሁ፣ 27 ሴንቲ ሜትር። ያንን ሳስገባ ከፍታው 31 ሆኖ ወጣ። አኮ በስንዝሯ ከለካችው ጋር ልክ ነው።

በርጩማውን ሊወስድ የመጣው የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝ። ስልኩ ላይዳር አለው። አይፎን ፕሮ ላይ ከ2020 ጀምሮ የመጣው ነው፤ ብርሃን ልኮ፣ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀት የሚያውቅ። «በሁለት ደቂቃ እሠራልሻለሁ» አለ። ሠራም። በርጩማው ውሃ ውስጥ የከረመ ሳሙና መሰለ። የስልክ ላይዳር ለክፍል እንጂ ለትንሽ ዕቃ አይሆንም። ትልልቆቹ የሌዘር ስካነሮች ሌላ ናቸው፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የለካው በእነሱ ነው። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በዚያ መሣሪያ ባየው ደስ ይለኛል፤ ያ ሁሉ እንጨት። ለማንኛውም የአክስቴ ልጅ ሳሎኑን ስካን አድርጎልኝ ሄደ፤ እሱ ጥሩ ነው። ረከቦቱ አጠገብ ያቺ ሳሙና ተቀምጣለች።

በኅዳር ሞዴሉን ይዤ ከሄርማታ ገበያ ጀርባ በርጩማ ወደሚፈለፍሉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ለአኮ ሌላ እንዲሠሩላት። ስልኩን ተቀብለው በጣታቸው ማዞሩን ወዲያው ለመዱት። ገልብጠው ሆዱን ብዙ አዩት።

«የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ቸኩሏል። በእርጥቡ ነው የፈለፈለው።»

«በምን አወቁ አባባ?»

«ስንጥቁን አታዪም? ከልቡ ተነስቶ ወደ ጠርዝ ነው የሄደ። እንጨት ሲደርቅ ነው እንዲህ የሚሆነው። ወድቆ የተሰበረ እንዲህ አይሄድም።»

ቀብድ ከፍዬ ወጣሁና መንገድ ላይ ለአባቴ ደወልኩ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት።

አኮ ግን አልተቀበለችም። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ እሱ ነው የጣለው» አለች። ስልኩን ከእጄ ወስዳ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አዞረችው። ጣቷን ቀዳዳው ላይ አደረገች።

«ቆርቆሮዬስ? የት አደረግሽው?»