ከሤጠ እስከ ቬንዴሬ

ልጅ ሆኜ ጎጃም ቅኔ ቤት የግእዝ ግስ ሳጠና፣ እናቴ በገበያ ቀን ደብረ ማርቆስ ወጥታ ጤፍ ትሸጥ ነበር። የኔታ «ሤጠ ሸጠ፣ ተሣየጠ ገዛ» ሲሉን ደነቀኝ። መሸጥም መግዛትም ከአንድ ሥር!

ሰሞኑን መሸጥ የሚለውን የላቲን ግስ አገኘሁ። «ቬንዴሬ» ይባላል። ሲፈታ «ቬኑም ዳሬ» ነው፣ ለሽያጭ መስጠት። እንዴት ያምራል! ሮማውያን «ለሽያጭ ሄደ» ሲሉ ደግሞ ተሸጠ ማለታቸው ነበር።

ከላቲን ልጆች ጣልያንኛ እንዳለ ይዞታል። ስፓኒሽ ጫፉን ቆርጦ «ቤንዴር» ይለዋል፤ ሲጽፈው በ«ቨ» ነው፣ ሲያነበው ግን «በ» ይሆናል። ፈረንሳይኛ መሃሉን ዋጠና «ቫንድር» አለ፤ «ን»ዋም አፍንጫ ውስጥ ቀረች። (ዓርብን «ቫንድርዲ» ሲሉ የገበያ ቀን ይመስላል። አይደለም፣ የሮማውያን አምላክ የቬነስ ቀን ማለት ነው።)

ልቤን የነካው ሩማንያኛ ነው፣ «ቪንዴ»። ከ«ን» በፊት ያለችው «ኤ» ወደ «ኢ» ዞረች። የአማርኛችን «ሸጠ»ም እንዲሁ በጎረቤት ድምፅ ተለውጧል። ሥሩ ሠ-የ-ጠ ነው። «የ» ጠፋች፤ ስትጠፋ ግን «ሠ»ን «ሸ» አድርጋት ሄደች። እናቴ ገበያ ላይ «ሸጥኩት» ስትል ያቺ «የ» አብራት ነበረች።