ጉድጓዱን ሁለቴ ደፈንኩት

ባለፈው ክረምት እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ኩሬ ነው። ሥራዬ የጎልፍ ሜዳ መንከባከብ ነው፤ ሳሩም ውሃውም አጥሩም እኔ ላይ ነው። ያለነው ከእንጦጦ ማዶ፣ አፈሩ መረሬ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ፣ ክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ።

ሐምሌ ላይ ከኩሬው ግድብ ጀርባ አንድ ጉድጓድ ተከፈተች። ባልዲ ብታክል ነው። አፈር ሞላሁባትና ረገጥኳት። በሳምንቱ በርሜል አክላ ጠበቀችኝ። አሁንም ሞላሁ፣ ድንጋይም ጨመርኩ፣ ኮራም ብዬ ነበር። ከዚያ ለቡሄ ጥቂት ቀን ሲቀር ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረና ጠዋት ስንደርስ የግድቡ ጀርባ ተንዶ ደለሉ ሜዳው ላይ ተኝቷል። የኛ ሰፈር ውሃ በሙገር አድርጎ አባይ ነው የሚገባው፤ የድርሻዬን ደለል ልኬያለሁ ማለት ነው።

የኩሬውን ውሃ በግድቡ ውስጥ አሳልፎ የሚያወጣ ቱቦ አለ። ነገሩ የገባቸው የሌሊት ጥበቃው ናቸው። «ልጄ፣ ውሃው በቱቦው ውስጥ መቼ ሄደ? በጎኑ እኮ ነው የሚሄደው» አሉኝ። ስንቆፍር እውነታቸውን ነው። የቱቦው አፍ በባህር ዛፍ ቅጠልና በፌስታል ተወትፏል። መረሬው ደግሞ በጋ ላይ ሲደርቅ ከቱቦው ተላቆ ክፍተት ትቷል። ውሃው ሲሞላ በዚያች ክፍተት ገባ፣ አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ ይዞ ወጣ። እኔ ከውጭ ስደፍን እሱ ከውስጥ ይበላል።

ስንት ውሃ ቢሆን ነው ለሚል፦ በ1 ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 500 ሜትር ኩብ ነው። ግማሹ ወደ ኩሬው ቢወርድ ያቺ ቱቦ ምን ታድርግ።

ጥገናውን ከመስቀል በኋላ ጀመርን። ኩሬውን በፓምፕ አደረቅነው (ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የጎልፍ ኳስ ወጣ፣ የተጫዋቾቹን ዱላ የሚሸከሙት ካዲዎች ፌሽታ አደረጉት)። አዲሱን ቱቦ ስንቀብር መሃሉ ላይ ሰፋ ያለ የኮንክሪት አንገትጌ አሰርንለት፤ ውሃ ጎኑን ይዞ ከመጣ እዚያ ይጋጫል። በዙሪያው መረሬውን ትተን በሲኖ የመጣ ቀይ አፈር ሞላን፣ ስስ ስስ እያደረግን፣ በየንብርብሩ እየጠቀጠቅን። ከግድቡ ጫፍ ዝቅ ያለ ማስተንፈሻም ከፈትን፣ ቱቦው ቢዘጋ እንኳ ውሃው ግድቡ ላይ እንዳይዘል። መውረጃው ላይ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ሲደረደር ግንበኛው «ከሥር ጨርቅ ምን ያደርጋል፣ ድንጋዩ ይበቃል» አለ። በዚህስ አልተሸነፍኩም። ጨርቁ ከሌለ ደቃቁ አፈር በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ያልቅና ጋቢዮኑ ይሰምጣል።

ሥሩ አፈር የሚይዘውን የቬቲቨር ሳር ለመትከል ሰኔን እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ሰኞ ሰኞ ከቱቦው ወንፊት ላይ ቅጠል የምለቅመው እኔ ነኝ፤ ሌሊት ከዘነበ ጥበቃው በባትሪ ዞር ብለው ያዩታል። ከ7ኛው ግሪን (ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ ካለበት አጭር ሳር) በታች ያለው ቦረቦር ግን ገና አልተነካም፣ በጀቱ አልቋል።