የአባዬ ቀኝ እጅ

ነሐሴ 9፣ ማታ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ለምን ብባል መልስ የለኝም። ዝናቡ ይሆናል። ጾሙም ይሆናል።

ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሒሳብ ሲሰበሰብ ብሩን በግራ እጃቸው ዘረጉና ረዳቱን «በግራዬ ነው፣ ይቅርታ ልጄ» አሉት። በቀኛቸው ዘንቢል ይዘዋል። ረዳቱ ልብም አላለው፣ ተቀብሎ አለፈ። እኔ ግን ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በግራዬ ነው፣ ይቅርታ።

አባዬ መናገር ቢችል ይሄን በቀን ስንት ጊዜ ይል ነበር?

ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። ግንቦት ላይ ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ሸሚዙን እየቆለፈ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እማዬ «ምን ሆንክ?» ስትለው አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ጎረቤት ተጠራ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ መጣ፣ ታሸ፣ «ትንሽ ይረፍ» ተባለ። እኛም አስተኛነው። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ስትሮክ ነው ተባለ። አንጎል ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ያወቅኩት በኋላ ነው። በሄድንበት ቤት መድኃኒቱ አልነበረም። ቢሆንም ያቺን ስድስት ሰዓት እየቆጠርኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። በማንም አልፈርድም። አፍ ሲጣመም ምች ነው እየተባልን ነው ያደግነው።

ግፊት ነበረበት። መድኃኒቱን የሚውጠው ራሱን ሲያመው ብቻ ነበር። «ዛሬ ደህና ነኝ» ይላል፣ ኪኒኑ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ግፊት ደግሞ ሰውን ደህና ነኝ እያስባለ ነው ሥራውን የሚሠራው። አሁን ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ቀና ብሎ ያየኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል።

የተጎዳው የግራ አንጎሉ ነው። ግራው ሲጎዳ ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ይደክማሉ፣ ብዙ ጊዜ ንግግርም አብሮ ይሄዳል። አባዬ ላይ ሁሉም መጣ። እግሩ ደህና ተመልሷል፣ ከዘራ ይዞ እስከ በር ይሄዳል። የቀሩለት ቃላት ግን ጥቂት ናቸው። «እሺ» አለ። «ይኼ... ይኼ» አለ። «ተይው» አለ። ለወንዱም ለሴቱም «ተይው» ነው። ወንድሜን «ተይው» ሲለው ልጁ ዞር ብሎ ዓይኑን ይጠርጋል።

«አባታችን ሆይ» ብዬ ስጀምርለት ግን እስከ አሜን ድረስ አንዲት ቃል ሳይስት ይወጣዋል። የመጀመሪያ ቀን ስሰማው ዳነ ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አስበን የምንናገረው ነገርና ከልጅነት ጀምሮ ምላስ የለመደው ጸሎት፣ ዜማ፣ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር በአንድ መንገድ አይሄዱም። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ብሮካ የሚባል ሐኪም አንድ በሽተኛ ነበረው። ሰውየው የሚሉትን ይሰማል፣ በምልክትም ይግባባል፣ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥም ሁሉም «ታን» እያለ ይጠራው ነበር። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምሮ የተጎዳውን የግራውን ቦታ አገኘ። ዛሬ ያ ቦታ በሐኪሙ ስም ይጠራል። በሽተኛው ግን ሌቦርኝ የሚባል የራሱ ስም ነበረው። ለአባዬ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይሄ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ሰዉ የሚያናግረው እኛን ነው። «ይበላል?» «እንቅልፍስ ይተኛል?» አባዬ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ። ሌላው ደግሞ ጆሮው የደነቆረ ይመስል ይጮህበታል። ጆሮው ምንም አልሆነም። ሁሉንም ይሰማል። እባካችሁ እሱን ጠይቁት። መልሱ «እሺ» ብቻ ቢሆንም የሱ መልስ ነው።

ጸሎቱ ላይ አንድ ነገር አለ። «በስመ አብ» ሲል ቃሉ ከአፉ ይወጣል፣ ቀኙ ግን አይነሳም። ስለዚህ በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ይይዛል። ልክ ሕፃን ልጅን እንደሚያነሱት ቀስ አድርጎ ያነሳዋል። ግንባሩ፣ ደረቱ፣ ግራ ትከሻው፣ ቀኝ ትከሻው። ሲጨርስ መልሶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። በግራው አማትብ ያለው የለም፣ በግራው አታማትብ ያለውም የለም። ራሱ ነው እንዲህ ያደረገው።

ምግብም ላይ እንደዚሁ ነው። እኛ ቤት በአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ እሱ ነው ያስለመደን። አሁን ትሪው ሲቀርብ «እሺ፣ እሺ» እያለ ከዘራውን ይፈልግና ወደ ክፍሉ ይገባል። ስንጨርስ እማዬ ፍትፍት በሳህን ትወስድለታለች። በግራው ማንኪያ ይዞ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይበላል። ግራ እጁን ማዕድ ላይ ማስገባት አልሆነለትም። መጀመሪያ ደክሞት መስሎን ነበር። ከዚያ ትካዜ ነው አልን። እሱም አለበት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ድብርት እንደሚይዘው ሐኪሙ ነግሮናል፣ መድኃኒትም ጀምሯል። ዋናው ግን እጁ ነው።

ባለፈው ወር እጅና እግሩን የሚያሠራለት ፊዚዮቴራፒስት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ መለኪያ ነው፣ አሥር ነገሮች ይጠይቃል፣ ሙሉው 100 ነው። ደረጃ ይወጣል? ልብስ ይለብሳል? ሽንት ቤት ይሄዳል? መብላት ጋ ሲደርስ «ጋሼ ራሳቸው ይበላሉ?» አለ። «አዎ» አልኩት። አሥር ጻፈ። ለመብላት የሚሰጠው ከፍተኛው ነጥብ አሥር ነው። ከሆስፒታል የወጣን ሰሞን ዜሮ ነበር። ወረቀቱ እርዳታ የሚለው ምግብ መቁረጥን፣ ዳቦ ላይ ቅቤ መቀባትን ነው። የትኛው እጅ አይልም። ከማን ጋር አይልም። ስለዚህ በወረቀቱ አባዬ መብላት ድኗል።

ከትሪው እየሸሸ ለብቻው በግራው እንደሚበላ ለፊዚዮቴራፒስቱ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወደ አባዬ ዞረ። «ጋሼ፣ በቀኝዎ መጉረስ ነው የሚፈልጉት?» አላቸው። አባዬ ብዙ ቆየ። «እሺ» አለ። እንደ ወትሮው እሺ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ መጭመቁ ቀነሰ። እጅ የሚመለሰው የሚፈለገውን ነገር ራሱን ደጋግሞ ሲሠራ ነው አለ ፊዚዮቴራፒስቱ። እማዬ ሰምታ ምስሯን ከነሰፌዱ አመጣች። «አብረን እንልቀም» አለችው። ዕድሜ ልኩን ሰፌድ ነክቶ የማያውቅ ሰው ከፊቷ ቁጭ ብሎ ምስር ይለቅማል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ቀስ ብለው ይቀራረባሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሊነኩት ሲሉ ምስሩ ይፈናጠራል። እንደገና። ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል። አንዲት ጠጠር ለቅሞ ዳር ላይ ለማድረግ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። እማዬ ትጠብቀዋለች። የሷን ድርሻ ጨርሳም ቢሆን የጨረሰች አትመስልም።

እኔ ግን አልጠበቅኩትም። ይሄ ነው ሲያበግነኝ የዋለው። ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። ሥራ ይረፍድብኛል፣ እሱ እስኪሞክር ድረስ አልችልም፣ ቶሎ ቶሎ ቆልፌ እሮጣለሁ። ሰው ሲያየኝ «ተባረኪ፣ እንዳንቺ ያለች ልጅ ትውለድ» ይለኛል። ቶብ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደሚለው የተጎዳ እጅ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ደህናው እጅ ሁሉንም ይሠራለታል፣ ቀስ በቀስ አንጎል ያን እጅ መጥራት ይተዋል። በኋላ አቅሙ ቢመጣም አይጠራውም። ለዚህ ያገኘው ዘዴ ደህናውን እጅ ጓንት አልብሶ ማገድ ነው፣ ለሁለት ሳምንት፣ የደከመው እጅ በየቀኑ ለሰዓታት እንዲሠራ። ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ጣት ትንሽም ብትሆን መንቀሳቀስ አለባት። ያነበብኩት አልጋ ላይ ሆኜ ነው። የአባዬ ሌላኛው ደህና እጅ እኔ ነበርኩ። ማንም ጓንት አላለበሰኝም።

ዛሬ ማታ ሽሮ ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ የእህቴ ልጅም ትጾማለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ትሪው ቀረበ። አባዬ ከዘራውን መፈለግ ጀመረ። ልጅቷ ግን ሮጣ ጉልበቱ ሥር ቆመችና አፏን ከፈተች። «አባባ አጉርሰኝ።»

ሁላችንም ዝም አልን። አባዬ ግራ እጁን አየው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያለውን ቀኙን አየው። እማዬ ምንም ሳትናገር ትንሽ እንጀራ በሽሮ ጠቅልላ ጣቶቹ መሀል አስገባችለት። ጣቶቹ ተዘጉ። በግራው አንጓውን ያዘና አነሳው፣ ልክ እንደሚያማትበው። ግማሽ መንገድ ላይ ግራውን ለቀቀ። ቀኙ ብቻውን ሄደ። አይቼዋለሁ። አንድ ስንዝር ይሆናል።

ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ጉርሻው ተበተነ። ሽሮው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እሷ የቀረውን ከጣቱ ላይ በላችና «ደሞ» አለች። እኔ እንደ ልማዴ ብድግ ብዬ ፎጣ ይዤ ሮጥኩ። ቀሚሷን ልጠርግ፣ እጁን ልጠርግ።

አባዬ እጄን ገፋ አደረገኝ። በቀኙ ነው። «ተይው» አለኝ። ከዘራውን ይዞ ተነሳና ወደ ክፍሉ ገባ።

አሁን አምስት ሰዓት ሆኗል። መብራቱ እንደበራ ነው፣ ከበሩ ሥር ይታየኛል። «ተይው» ያለኝ ፎጣውን ነው? እሷን የማጉረሱን ነገር ነው? ወይስ እኔ ሮጬ መድረሴን? ነገ ትሪው ሲቀርብ ቦታውን ክፍት ላድርግለት ወይስ ሳህኑን ልውሰድለት?