ልጁ የሄደበትን መንገድ ሳላውቅ የጀመርኩት ድራማ

6 ክፍል ያለው የወንጀል ድራማ ጽፌ ለመጨረስ 2 ዓመት ወሰደብኝ። አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ይወጣል፤ ቤቱ ግን አይደርስም። ታሪኩ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ባከነ ማለት ይቻላል። ልጁ ምን እንደደረሰበት እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

በጊዜው ይህ ችግር መስሎ አልታየኝም። እየጻፍኩ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። እናትየው በሩን ከፍታ መንገዱን የምታይበትን ትዕይንት ጻፍኩ። መርማሪዋን አመጣሁ። አባትየው ተጠረጠረ። የስፖርት አሠልጣኙ ተጠረጠረ። ጎረቤትየው ተጠረጠረ። ክፍል 5 ላይ ስደርስ ከሦስቱ ማንኛውም ወንጀለኛ ሊሆን ይችል ነበር። እኔም ተመልካቹ አይገምተውም ያልኩትን መረጥኩና ጣጣውን አሠልጣኙ ላይ ጣልኩት።

ረቂቁን ስክሪፕት በማረም ብዙ ዓመት ለሠራች ጓደኛዬ ሰጠኋት። በአንድ ቀን አንብባ ጨረሰችው። "አሠልጣኙ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ተመልሼ ክፍል 1ን አነበብኩት" አለችኝ። "እዚያ ውስጥ ሰውየው የለም። እኔን ለመሸወድ ብቻ ነው ያመጣኸው።"

ልክ ነበረች። ተመልካች ፍንጩ ዓይኑ ሥር ተቀምጦ ሳያየው ካመለጠው አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ጭራሽ ያልነበረ ፍንጭ ግን አያነጋግርም፤ የተታለለ ሰው ስሜት ብቻ ይዞ ይነሳል።

ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያለውን ጊዜ በ10 በ10 ደቂቃ ከፋፈልኩት። በጎን በኩል ሰዎቹን ደረደርኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ጻፍኩ። በዚያ ሰዓት በእርግጥ የት ነበር? ለፖሊስ የት ነበርኩ ይላል? ልዩነቱን ከእሱ ሌላ ማን ያውቃል? ንግግርም ትዕይንትም አልጻፍኩም። ይህ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

የዚህ ዓይነት ድራማ ሁለት ታሪክ ይሸከማል። አንደኛው የተፈጸመው ነው። ሁለተኛው የተፈጸመው ነገር ለተመልካች የሚገለጥበት መንገድ ነው። ብዙዎቻችን ሴራ የምንለው ሁለተኛውን ነው። ልብ ሰቀላው፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው ምልሰቱ፣ ታሪኩ ጫፍ የሚደርስበት ጡዘቱ ያለው እዚያ ነውና ይማርካል። የመጀመሪያው ካልተሠራ ግን ሁለተኛው የሚቆምበት የለውም።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሞላሁት የልጁን ረድፍ ነው። እዚያ ነው ያፈርኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ጽፌ ስለ እሱ የማውቀው ዕድሜውን ብቻ ነበር። ልጁ ለእኔ የጠፋ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጠየቅኩ። ምን ያስፈራዋል? ውሻ። ምን ይዋሻል? ጥርሱን ሳይቦርሽ ብሩሹን አርጥቦ "ቦርሻለሁ" ይላል። በየት በኩል ነው ወደ ቤት የሚመጣው? ዋናው መንገድ ላይ ትልቅ ውሻ ያለበት ግቢ አለ። ስለዚህ በጓሮ በኩል፣ መኪና በሚቆምበት ጠባብ መንገድ ይዞራል።

ይህን ስጽፍ ታሪኩ ተከፈተልኝ። የዚያን ቀን ጠዋት እናቱ "አሁንማ ትልቅ ልጅ ነህ፣ ዛሬ በዋናው መንገድ ነው የምትመጣው" ብላዋለች። እሱም "እሺ" ብሏል። እንግዲህ ፖሊስ ሲጠይቃት በዋናው መንገድ እንደሚመጣ ትናገራለች። ልቧ ግን ይጠረጥራል። ፈርቶ ዞሮ ከሆነስ? በዋናው መንገድ ሄዶ ከሆነ ደግሞ የላከችው እሷ ናት። ሁለቱም መንገድ እሷ ጋ ያደርሳል። ስለዚህ ስለ ውሻው አታነሳም። ፍለጋው የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በተሳሳተ መንገድ ላይ ያባክናል።

9 ሰዓት ከ50 ገደማ ላይ የጎረቤትየው የ16 ዓመት ልጅ የአባቱን መኪና ያለ ፈቃድ በጠባቡ መንገድ ወደ ኋላ ሲያወጣ ልጁን ይገጨዋል። ጎረቤትየው ይደርሳል። ልጁን አያነሳም፤ አምቡላንስም አይጠራም፤ የራሱን ልጅ ያያል። በዚያች ቅጽበት ምን እንደወሰነ ተመልካቹ የሚያውቀው ክፍል 6 ላይ ነው። ክፍል 1 ላይ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ጎረቤትየው ሰው ሰብስቦ ፍለጋውን ሲያስተባብር፣ ለሁሉም አቅጣጫ ሲያከፋፍል ያያል። "እናንተ በዚያ፣ እናንተ በዚህ፣ ጓሮውን እኔ አየዋለሁ።" ይህ ንግር ነው፤ በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም። ማንም አይጠረጥረውም፤ የሚሰማው ደግ ሰው ሲናገር ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛውን ረቂቅ ስትጨርስ ወደዚህ መስመር ተመልሳ እርሳስ አሰመረችበትና ዝም አለች። ያን ዝምታ ነበር የምፈልገው።

ልጁን የሚያግት እንግዳ ሰው ያላመጣሁት ለሴራው ብዬ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. 1999ን መሠረት አድርጎ ያስጠናውን ሳነብ ግምቴ ተገለበጠ። በማያውቁት ወይም እምብዛም በማያውቁት ሰው፣ በፊልም እንደምናየው ዓይነት ከባድ ጠለፋ የደረሰባቸው ልጆች በዓመቱ 115 ገደማ ተብለው ተገምተዋል። በራሳቸው ቤተሰብ አባል የተወሰዱት ደግሞ 203,900 ገደማ። የእኔ ታሪክ ጠለፋ ሆኖ አልቀረም። ግን ያ ቁጥር ዓይኔን ከሩቁ ሰው አንስቶ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደሚፈልጉት ሰዎች መለሰልኝ።

ሌላም ያረምኩት ነገር አለ። በመጀመሪያው ረቂቅ ፖሊሱ እናትየዋን "24 ሰዓት ይሙላና ተመለሺ" ይላታል። ፊልም ላይ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጡረታ የወጣ አንድ መርማሪ ይህን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ልጅ ሲጠፋ የሚጠበቅ ሰዓት የለም አለኝ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ፖሊስ የጠፋ ልጅ ሪፖርት ለመቀበል ሰዓት እንዳያስጠብቅ በሕግ ተከልክሏል። ምክንያቱም ከባድ ነው። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት፣ ታፍነው ከተገደሉት ልጆች ውስጥ ወደ 74 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ነው የሞቱት። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን መስመር ማቆየት አልቻልኩም። አንድ ወላጅ ከእኔ ድራማ ተምሮ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅስ?

መስመሩን ሳወጣው ግን ችግር ገጠመኝ። ክፍል 1 የሚንቀሳቀሰው በዚያ መዘግየት ነበር። አሁን መዘግየቱን ከሰዎቹ ማምጣት ነበረብኝ። እናትየው 10 ሰዓት ተኩል ላይ "ጓደኛው ጋ ይሆናል" ትላለች። 11 ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ስልኩ አይነሳም። 11 ከሩብ ላይ ጫማዋን ታጠልቃለች፤ ከዚያ "ስወጣ ቢመጣስ?" ብላ ታወልቀዋለች። ፖሊስ ጋ የደወለችው 12 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያቺ ጫማ ከማንም ፖሊስ ክፋት ይልቅ ተመልካቹን ሰቅዛ ትይዘዋለች።

በክፍል 2 ላይ የቀዩ ጃኬት ጉዳይ አለ። ከሁሉ ይበልጥ የምወደው እሱን ነው። መርማሪዋ አንዲት ምስክር ታገኛለች። ሴትየዋ በመስኮት የሆነ ልጅ አይታለች። መርማሪዋ ቸኩላለችና "ቀይ ጃኬት የለበሰውን ልጅ በስንት ሰዓት አየሽው?" ትላታለች። ሴትየዋ ትንሽ ታስብና ሰዓቱን ትናገራለች። በማግስቱ ሲጠይቋት ጃኬቱን ራሷ ትገልጸዋለች፤ ዚፑ ግማሽ ድረስ እንደተከፈተ ሳይቀር። ጃኬቱ ግን ትምህርት ቤት፣ መማሪያ ክፍል ውስጥ ተረስቶ ነበር። ልጁ አልለበሰውም። ያየችው ሌላ ልጅ ነው።

ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሙከራ ለ150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ለ50ዎቹ መኪኖቹ "ሲጋጩ" ፍጥነታቸው ስንት ነበር አሏቸው። ለሌሎቹ 50 ደግሞ "ተላትመው ሲደቁ" በሚል ከበድ ያለ ቃል ጠየቋቸው። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስተዋት አይታችኋል ወይ ሲባሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ 7ቱ፣ ከሁለተኛዎቹ 16ቱ አይተናል አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። ሴትየዋ አልዋሸችም ማለት ነው። ጃኬቱን ያለበሰቻት መርማሪዋ ናት። የተሳሳተ ፍንጭ ከጸሐፊው ተንኮል ሲመጣ ይሸታል። ከአንድ ሰው ጥድፊያ ሲመጣ ግን ሴራው ራሱ ሰው ይሆናል፤ መርማሪዋም እስከ መጨረሻው የምትሸከመው ነገር ታገኛለች።

የአባትየውንም ውሸት በዚሁ ሚዛን መዘንኩት። ሥራ ቦታ ነበርኩ ይላል። ከሥራ ከወጣ 2 ወር ሆኖታል፤ ለሚስቱ አልነገራትም። ይህ ምስጢር ከልጁ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሆኖም ሁለት ክፍል ሙሉ ወንጀለኛ ያስመስለዋል። አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ማንም ሰው ለሴራው ብሎ አይዋሽም። ለራሱ ኀፍረት፣ ለራሱ ፍርሃት፣ ለሚወደው ሰው ብሎ ይዋሽ።

ክፍል 3 ለብዙ ወራት አስቸገረኝ። መሐል ላይ ሁልጊዜ ነገር ይልላል። አዲስ ፍንጭ ስጨምር ይባስ ይልላል። በኋላ ላይ ስለ ፖሊን ቦስ ሥራ አነበብኩ። አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታለች። ሞቱም ሕይወቱም የማይታወቅ ሰው የሚያስከትለው ሐዘን ከሌላው ሐዘን እንደሚለይ፣ መቋጫ እንደሌለው ትናገራለች። እኛ ለዚህ ቃል አለን። ቁርጡ አልታወቀም እንላለን። እርሙን አላወጣም እንላለን። የክፍል 3 ጉዳይ ፍንጭ ሳይሆን ቁርጥ ማጣት መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ ምርመራውን ቀነስኩ። እናትየዋ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ትገባለች። መብራት አታበራም። የልጁን የጥርስ ብሩሽ ታነሳለች። በአውራ ጣቷ ፀጉሩን ትደባብሳለች። ደርቋል። ክፍል 1 ላይ ይኸው ብሩሽ እርጥብ ሆኖ "አርጥበኸው ነው፣ አልቦረሽክም" ብላ ተቆጥታው ነበር። ቧንቧውን ትከፍታለች። ብሩሹን ታርሰዋለች። ቦታው ትመልሰዋለች። ወጥታ በሩን ትዘጋለች። ምንም አትናገርም። ከጻፍኩት ሁሉ ያለ አንዲት እርማት የቀረው ይህ ትዕይንት ነው።

ልጁ የሚገኘው መቼ ነው የሚለው ላይ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ተከራከርን። እሱ ክፍል 6 መጨረሻ ላይ እንዲሆን ፈለገ፤ ተመልካች እስከ መጨረሻ ይቆያል አለ። እኔ ክፍል 4 መጨረሻ አልኩ። ተስፋን 6 ክፍል ሙሉ እያንጠለጠሉ መሸጥ ለእኔ የልጁን ሞት መነገጃ ማድረግ ነው። የሴራም ምክንያት ነበረኝ። "ልጁ የት ነው?" የሚለው ጥያቄ አቅሙ 4 ክፍል ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ይደክማል። ሲገኝ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ማን ያውቅ ነበር? ይሄኛው ይከፋል። ምክንያቱም ከእናትየዋ ጋር አብረው ሲፈልጉ፣ ትከሻዋን ሲይዙ፣ "አይዞሽ" ሲሏት የነበሩትን ሁሉ ዳግም እንድናይ ያስገድደናል። በመጨረሻ ተስማማን።

ሬሳው አይታይም። መርማሪዋ እናትየዋ ደጅ ትቆማለች። ከመናገሯ በፊት ኮፍያዋን ታወልቃለች። ካሜራው ከመንገድ ማዶ ነው፤ ድምፅ አይሰማም።

ጎረቤትየውን አውሬ ላለማድረግ ብዙ ታገልኩ። ክፍል 5 ላይ ልጁን መኪና መንዳት ያስተማረው እሱ ራሱ መሆኑን እናያለን፤ ያለ ዕድሜው፣ በኩራት። ያ የ16 ዓመት ልጅ 5 ክፍል ሙሉ ምግብ ሲገፋ፣ እንቅልፍ ሲያጣ እናየዋለን። ተመልካቹ የሚያስበው ለጓደኛው እያዘነ ነው ብሎ ነው። እውነትም እያዘነ ነው። በመጨረሻ አፉን የሚከፍተው እሱ ነው። መርማሪዋ ጎረቤትየውን በማስረጃ አፋጣ እንድትይዘው በመጀመሪያ ጽፌ ነበር። የስልክ ማማ መረጃ ነበር ያመጣሁላት። ማማ ግን ስልኩ ያለበትን አካባቢ እንጂ የቆመበትን ግቢ ነጥሎ አይነግርም፤ ሰዎቹ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው። ማስረጃው ውሃ አላነሳም። እንዲህ ሆኖ የ16 ዓመቱ ልጅ ራሱ በእግሩ መጣ። መጥቶ የሚያንኳኳው ፖሊስ ጣቢያ አይደለም፤ የእናትየዋን በር ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ እናትየው ጎህ ሲቀድ በዋናው መንገድ ትሄዳለች። ውሻው ከግቢው ውስጥ ይጮኻል። ትቆማለች። በሁለተኛው ረቂቅ እዚህ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ትናገር ነበር። ተዋናይዋ በልምምድ ጊዜ ሦስት ጊዜ ሞከረችውና "ሳልናገር ብሞክረውስ?" አለችኝ። ሞከረችው። ቆመች። ውሻውን ሰማች። ከዚያ ዞራ በጓሮው መንገድ ሄደች። ዐረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት።