ሞተሩን ማን ነካው?

ሰውየው ሥራው ቪዲዮ ቀረጻ ነው። ካሜራ የሚጭንባት አንድ ሪሞት ትራክ፣ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና፣ አለችው፤ ለሠርግም ለማስታወቂያም መሬት ለመሬት ትሮጥለታለች። የኛ ሱቅ ለገጣፎ ነው፣ ድሮንና ሪሞት መኪና እንጠግናለን። የዚህችን ትራክ የባትሪ መጋጠሚያ ከዚያ በፊት የበየድኩት እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው የመጣው በሱ ነው።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ የፈረስ ቀረጻ ነበረው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር መረሬው አልደረቀም። ትንሹ ጎማ ጭቃ እየያዘው ሲያስቸግር ጊዜ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ትልልቅ ጎማ አስመጣና ራሱ ገጠመው። ቀረጻው ሳያልቅ ሞተሩ ጨሰ።

ሱቅ ሲገባ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠንም። «ብየዳችሁ አቃጠለብኝ» አለ። አለቃዬ ትራኳን አላያትም፣ እኔን ነው ያየው። «አንተ አይደለህ የበየድከው?» አለኝ፣ እዚያው ደንበኛው ፊት።

መልስ ሳልሰጥ ትራኳን ገለበጥኳት። መጋጠሚያው እንደነበረ ነው፤ ብየዳው አልተነቃነቀም፣ ፕላስቲኩም አልቀለጠም። ብየዳ ከላላ ሙቀቱ የሚበረታው እዚያው መጋጠሚያው ላይ ነው፣ ቀድሞ የሚቀልጠውም እሱ ነው። ሞተሩን ስፈታው ግን የጥቅሉ ሽቦ ቫርኒሽ ጠቁሯል። የተቃጠለው ሽታ ሱቁን ሞላው።

«ጋሼ፣ ጎማ ቀይረዋል?»

«አዎ ቀይሬአለሁ። ጎማ ነው እኮ! ሞተሩን ማን ነካው?»

«ጎማው ነክቶታል።»

«ጎማ ደግሞ እንዴት አድርጎ ሞተር ይነካል?»

ላሳየው ብዬ አሮጌውን ጎማ አስመጣሁት። ጠርዙ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩና ሲሚንቶው ላይ አንድ ዙር አንከባለልኩት። ከምልክት እስከ ምልክት ወደ 34 ሴንቲ ተኩል ሄደ። አዲሱን ከጎኑ አንከባለልኩት፤ 44 ሴንቲ። ጎማው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከ110 ሚሊ ወደ 140 ሚሊ አድጓል። ስለዚህ ሞተሩ በዚያው ዙር ትራኳን ሩብ ያህል አርቆ መግፋት አለበት። ያውም ከበፊቱ የከበደ ጎማ ይዞ፣ ጭቃ ላይ፣ ካሜራ ተሸክሞ።

«የተጫነ ኢሱዙ እንጦጦን በአራተኛ ማርሽ ውጣ ቢባል ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ይታነቃል።»

ዝም አለ። የገባው መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኢሱዙው ሲታነቅ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይጠፋም። ዙሩ በወረደ ቁጥር ከባትሪው ብዙ ከረንት እየሳበ ይታገላል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ያንሳል። የውጭ አገር ማኑዋል ላይ ያለውን የማርሽ ጥርስ ቁጥር እንዳለ ለሚወስድ ሁሉ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ባለጥርስ ማርሽ፣ ፒኞኗን፣ ማሳነስ ብቻ፤ ያኔ ሸክሙ ለሞተሩ ይቀለዋል። የነበረችው 18 ጥርስ ናት። 18ን በ110 አባዝቶ ለ140 ማካፈል ነው፤ 14 ይመጣል። አዲስ ሞተር ገጥሜ 14ቱን አሰርኩ። በትንሿና እሷ በምታዞረው በትልቁ ጥርስ መሃል ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አስገብቼ አጠጋጋኋቸው፣ ቡሎኑን አጠበቅኩ፣ ወረቀቷን አዙሬ አወጣኋት። ሳትቀደድ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፋ ከወጣች ክፍተቱ ልክ ነው። ተቀድዳ ከወጣች ጠብቋል። ጥርሱ ሲበላ የሚሰማውን ጩኸት ያወቀ ሰው ይህችን ወረቀት አይዘላትም።

ትራኳ ሲሚንቶ ላይ ምንም አላለችም። ሱቁ ጀርባ እርጥብ ሣር ላይ ካሜራዋን ጭኜ ስነዳት ግን ሞተሩ 80 ዲግሪን አለፈ። ስሌቱ የጎማውን መጠን እንጂ ክብደቱን አያውቅም። ፒኞኗን ወደ 13 ጥርስ አወረድኳት። ሞተሩን ወደ ትልቁ ጥርስ የሚያስጠጋው ቀዳዳ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ በታች ቢያስፈልግ ትልቁን ጥርስ መቀየር ግድ ነበር። በ13 ሞተሩ ከ70 ዲግሪ በታች ቆየ።

ሰውየው ሊወስዳት ሲመጣ ነዳትና «ፍጥነቷ ቀነሰ» አለ። አዎ፣ ከድሮው በመቶ 8 ያህል ቀንሳለች። ፈረስ ልትቀድምለት ነው? ካሜራ የጫነች ትራክ የሚያስፈልጋት ሳትንገጫገጭ መሄድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዝቅ ያለ ጥርስ ይሻላታል፣ ስትነሳም አትዘልም። ይህንን ነገርኩት። አመሰገነኝ፣ ከልቡም ይመስለኛል።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ሂሳቡ ነው። አለቃዬ የአዲሱን ሞተር ግማሽ ዋጋ ቀነሰለት፣ «ደንበኛ እንዳይከፋ» ብሎ። ደንበኛ መያዝ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግን ላላጠፋነው ጥፋት ስንከፍል አጠፋን ብለን መፈረማችን ነው። ሰውየው ወጥቶ ለጓደኞቹ የሚነግረው ስለ 13 ጥርስ አይደለም፤ «ግማሹን ከፈሉልኝ» ነው የሚለው። እንዲያውም አንድ የሥራ ባልደረባው ትልልቅ ጎማ የገጠመ ትራክ ይዞ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀን ቅናሽ ነው። እሱን ጎማውን ለክቼ ፒኞኑን ሳልቀይር አላስወጣሁትም፤ ሞተሩ ገና አልተቃጠለም ነበር።

የዚያች ትራክ ጉዳይ በሱቁ መዝገብ ላይ «የብየዳ ችግር» ተብሎ ነው የተጻፈው። እንዲታረም ጠይቄአለሁ። የተቃጠለውን ሞተርና ያልተነካውን መጋጠሚያ ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ ልኬለታለሁ። አይቶታል፣ ግን አልመለሰልኝም።