ስታር ፎክስን ኪስ በምትገባ ጌም መጫወቻ ላይ እንዴት አስኬድኩት

አብዛኞቹ የሱፐር ኒንቴንዶ ጌሞች ርካሽ በሆነች የእጅ መጫወቻ ላይ ያለምንም ጣጣ ይሄዳሉ። ሱፐር ማሪዮ ወርልድን ትከፍታላችሁ፣ ትጫወታላችሁ፣ አለቀ። ስታር ፎክስን ስትከፍቱ ግን ድምፁ ይንተባተባል፣ መርከቧ እየተጎተተች ትሄዳለች። ሁለቱም የአንድ ኮንሶል ጌሞች ናቸው፤ ኮንሶሉን የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ማለትም ኢሙሌተሩም፣ አንድ ነው።

ነገሩ ያለው ካርትሪጁ፣ ማለትም ጌሙን ይዞ ኮንሶሉ ላይ የሚሰካው ካሴት፣ ውስጥ ነው። ኮንሶሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ዋናው ፕሮሰሰሩ ቢበዛ በ3.58 ሜጋኸርዝ ነበር የሚሠራው። ለሥሪዲ ጌም ይህ የትም አያደርስም። ስለዚህ ተጨማሪ ቺፕ ካርትሪጁ ላይ መግጠም ተጀመረ። በ1993 የወጣው ስታር ፎክስ፣ አርጎኖት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የነደፈውን ሱፐር ኤፍኤክስ ይዟል። የ1995ቱ ዮሺስ አይላንድ ደግሞ 21 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሮጠውን ሁለተኛውን ትውልድ ይዟል። ሱፐር ማሪዮ አርፒጂና ከርቢ ሱፐር ስታር ኤስኤ-1 አላቸው፤ ይህ ከኮንሶሉ ፕሮሰሰር ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሦስት እጥፍ የሚፈጥን ነው። የስታር ፎክስን ካርትሪጅ ገልብጣችሁ ብታዩ ከመሀለኞቹ ጥርሶች ሌላ ግራና ቀኝም ጥርሶች አሉት። የሱፐር ማሪዮ ወርልድ ላይ ያሉት የመሀሎቹ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ኢሙሌተሩ እንዲህ ያለ ጌም ሲያገኝ ሁለት ኮምፒውተሮችን ባንዴ ማስመሰል አለበት፤ ያውም እርስ በርስ ሳይቀዳደሙ። የኔ መጫወቻ 1.2 ጊጋኸርዝ የሆኑ ኮርቴክስ ኤ7 የተባሉ ሁለት የፕሮሰሰር ኮሮችና 128 ሜጋባይት ራም አላት። ከ21 ሜጋኸርዝ ጋር ስታነጻጽሩት ይህ የትየለሌ ይመስላል። ግን የድሮውን ቺፕ አንዲት ትእዛዝ ለማስመሰል አዲሱ ፕሮሰሰር ብዙ ትእዛዝ መፈጸም አለበት። ሥራው በአብዛኛው የሚያርፈውም አንዱ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ስለሆነ ሁለተኛው እምብዛም አያግዝም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጌሞቹን በቺፓቸው መለየት ነው። ባለ ቺፕ ሁሉ ከባድ አይደለም። ሱፐር ማሪዮ ካርት ውስጥ ያለው ዲኤስፒ-1 ሲጠየቅ ሒሳብ ሠርቶ መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ ዝም ነው። ስታር ኦሽን ውስጥ ያለው ኤስዲዲ-1 የታመቁ ሥዕሎችን ይፈታል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። (ድሮ የማመቂያ ዘዴው ሳይታወቅ በፊት፣ ያን ጌም በኢሙሌተር ለመጫወት ሥዕሎቹን ለብቻ በጥቅል ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሮሙ (የካርትሪጁ ቅጂ ፋይል) ብቻውን ይበቃል።) ወገብ የሚሰብሩት ከዋናው ፕሮሰሰር ጎን ለጎን የራሳቸውን ፕሮግራም የሚያሄዱት ሱፐር ኤፍኤክስና ኤስኤ-1 ናቸው።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ኢሙሌተር መጠቀሙን ተውኩት። ብዙ ኢሙሌተሮችን ባንድ ላይ የሚያሠራው ሬትሮአርች የሚባል ፕሮግራም ኢሙሌተሮቹን «ኮር» ይላቸዋል (ከፕሮሰሰሩ ኮር ጋር አይምታታባችሁ)፤ እሱ ላይ ለእያንዳንዱ ጌም የተለየ ኮር መመደብ ይቻላል። ለተራዎቹ ስኔስ ናይን ኤክስ የሚባለውን ኮር፣ ለከባዶቹ ደግሞ የዚሁኑ 2005 የሚባል ቀለል ያለ እትም መደብኩ። ቀላሉ እትም በትክክለኛነት ትንሽ ይጎድለዋል፣ ድምፁም እንደ አዲሱ አይደለም፤ ጌሙ ሲሮጥ ግን ይህን ማን ያስታውሰዋል። ቢስኔስ የሚባለው ሌላ ኮር በትክክለኛነቱ የተመሰገነ ነው፤ ቦታው ግን ኮምፒውተር ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስታር ፎክስ እውነተኛው ኮንሶል ላይም ዘገምተኛ ነበር። ሥዕሉ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ አይቀየርም፣ ጠላት ሲበዛ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ታዲያ የሚያዘግመው ጌሙ ራሱ ይሁን መጫወቻዬ በምን ይታወቃል? በጆሮ። ሱፐር ኒንቴንዶ ለድምፅ የተለየ ፕሮሰሰር ስላለው ሥዕሉ ሲጎተት ሙዚቃው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሥዕሉ እያዘገመ ሙዚቃው ጥርት ብሎ ከሄደ፣ የ1993ቱ ጌም እንዲያ ነው፤ ሴቲንግ መነካካት አያስፈልግም። ሙዚቃውም አብሮ ከተንተባተበ መሣሪያው አልቻለም ማለት ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የፍሬም ቆጣሪ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደወጣ የሚጽፈው፣ ይህን ያህል አይረዳም። ኢሙሌተሩ በሰከንድ 60 ፍሬም እስካወጣ ድረስ፣ ያው ሥዕል ተደጋግሞ ቢሆንም፣ 60 ብሎ ይጽፋል።

ይህን ከያዝኩ በኋላ ሴቲንጉን ማስተካከል ቀላል ሆነ። ራን-አሄድ የሚባለው የአዝራሩን ምላሽ ያፈጥናል፤ ግን ያንኑ ፍሬም ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያሰላ ለከባድ ጌሞች አጠፋሁት። ጌሙን ወደ ኋላ መመለሻውንና ስክሪኑን የድሮ ቴሌቪዥን የሚያስመስለውን ሼደርም እንዲሁ። ፍሬም መዝለልን፣ ማለትም አንዳንዱን ሥዕል ሳይስሉ ማለፍን፣ ብዙ ሰው ይጠላዋል። ስታር ፎክስ ላይ ግን ብዙም አያስታውቅም፤ ሥዕሉ ቀድሞውኑ ተደጋግሞ ነው የሚመጣው። ዮሺስ አይላንድ ላይ ሞክሩት፣ ወዲያው ዓይን ይወጋል።

ሱፐር ኤፍኤክሱን ከተፈጥሮው በላይ የሚያፈጥን አማራጭም አለ። ያጓጓል። ጉልበት ያለው ስልክ ላይ ሥዕሉን ያለሰልሰዋል፤ ጌሙም ግን አብሮ ይፈጥናል። ደካማ መጫወቻ ላይ ደግሞ ሸክም መጨመር ነው። እኔ በልኩ ተውኩት።

ኮር ለመቀየር ስታስቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በአንዱ ኮር ያስቀመጣችሁት ሴቭ ስቴት፣ ማለትም ኢሙሌተሩ ጌሙን ባለበት ቅጽበት የሚያስቀምጠው፣ በሌላው አይከፈትም። ቀድማችሁ ጌሙ ራሱ በሚሰጠው ቦታ ላይ ሴቭ አድርጉ፤ እሱ ካርትሪጁ በባትሪ የሚይዘውን መረጃ ስለሚያስመስል ከኮር ኮር ይሻገራል። ሬትሮአርች ሴቮችን በኮር ስም በተለያየ ፎልደር እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ከሆነ ግን ፋይሉን በእጃችሁ ማዘዋወር አለባችሁ። ያለዚያ ጌሙ እንደ አዲስ ይጀምርና ልባችሁ ቀጥ ይላል።

ዱም ሱፐር ኤፍኤክስ 2 ያለው ጌም ነው፤ እሱን ግን በዚህ መንገድ አልታገልኩም። ዱም የማይሄድበት ማሽን በሌለበት ዓለም፣ በጣም ከሚንቀራፈፉት እትሞች አንዱን በኢሙሌተር ማሳደድ ምን ይባላል። ይልቅ ወደ ሴጋ ዞር አልኩ። ሜጋ ድራይቭ በተባለው የሴጋ ኮንሶል ላይ ቨርቹዋ ሬሲንግ የተባለው ጌም ብቻ የተጠቀመበት ኤስቪፒ የሚባል ቺፕ አለ። እሱን ፒኮድራይቭ የሚባለው ኮር ይችለዋል፤ ጌሙም ድምፁ ሳይቆራረጥ ይሄድልኛል።